ከአንገት ኦፕራሲዮን በኋላ ያለችው ሌሊት

ነርሷ አልጋውን ቀና አድርጋ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ አቀበለቻቸው። «ጋሼ፣ ቀስ ብለው ፉት ይበሉ» አለቻቸው። ፉት አሉና ፊታቸውን ጨፍገግ አድርገው ዋጡ። «አሁን ደግሞ ስምዎንና የተወለዱበትን ቀን ይንገሩኝ።» ድምፃቸው ሻክሯል፤ ግን አልተቆራረጠም። ነርሷ አንገታቸው ላይ የተለጠፈውን ፋሻ ዙሪያውን በሁለት ጣቷ ዳሰሰች። ቅድም ስትዳስሰው ለስላሳ ነበር፤ አሁንም ለስላሳ ነው። ከዚያ እጆቿን ዘርግታ «በሙሉ ጉልበትዎ ይጨብጡኝ» አለችና የቀኛቸውን ጉልበት ከግራቸው ጋር አወዳደረች። ያየችውን ሁሉ ከነሰዓቱ መዝግባ ሄደች። ጥቂት ቆይታ ተመልሳ ያንኑ ትደግመዋለች።

ቦታው ሜሪላንድ ውስጥ የሚገኝ አንድ የቀን ቀዶ ሕክምና ማዕከል ነው። እንደ ሆስፒታል አልጋ ተይዞ የሚታደርበት አይደለም፤ ሲመሽ ይዘጋል። ታካሚው ብዙ ዘመናቸውን መሪ ጨብጠው የኖሩ፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ አባወራ ናቸው። ጠዋት ገብተው ከአንገታቸው አንድ ዲስክ ወጣላቸው፤ በቦታው ድጋፍ ተተክቶ በብሎን ታሰረ፤ አሁን ወደ ቤት ለመሄድ እየተጠባበቁ ነው። ለባለቤታቸው ግን ነገሩ አልተዋጠላቸውም። አገር ቤት ትርፍ አንጀት የወጣለት ሰው እንኳ ቀናት ተኝቶ እንደሚከርም ነው የሚያውቁት። «ልጄ፣ አንገት ተከፍቶ በዚያው ቀን ቤት መግባት አለ እንዴ?» ብለው ነርሷን ጠየቋት።

እኚህ ሴት የጠየቁት የአከርካሪ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲከራከሩበት የኖሩትን ጥያቄ ነው። ዛሬ ያለው መረጃ «አዎ፣ በሚገባ ለተመረጠ ሰው ይቻላል» ይላል። ሆኖም ታካሚውን የሚጠብቀው አልጋው ያለበት ቦታ አይደለም። የሚጠብቁት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ለዚህ ሕክምና ማን እንደሚመረጥ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስንት ሰዓት በዓይን እንደሚጠበቅ፣ እንዲሁም ሌሊት አንገቱ ቢያብጥ ማን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚደርስለት። እነዚህ ከተሟሉ ቤት ማደር አያስፈራም። ከጎደሉ ግን ሆስፒታል ማደርም ዋስትና አይሆንም።

ሕመሙ እጅ ላይ፣ ምንጩ አንገት ላይ

የአንገት አጥንቶች ሰባት ናቸው። ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው በቀር በየመካከላቸው ዲስክ አለ፤ ጠንካራ የውጭ ቀለበትና ለስላሳ የውስጥ ክፍል ያለው፣ አንገት ሲታጠፍና ሲዞር ጫናውን የሚቀበል ነው። ቀለበቱ ተሰንጥቆ የውስጡ ሲወጣ፣ ወይም ዲስኩ አርጅቶ አጥንቱ ጠርዝ ሲያበቅል፣ ከጎን የሚወጣው ነርቭ ይጨፈለቃል። ከሁሉ በላይ የሚጎዱት በ5ኛውና በ6ኛው፣ እንዲሁም በ6ኛውና በ7ኛው አጥንት መካከል ያሉት ናቸው።

ችግሩ አንገት ውስጥ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ የሚያንገበግበው ክንድን ነው። ከ5ኛው በታች ያለው ዲስክ ነርቭ ሲነካ ሕመሙና መደንዘዙ ወደ አውራ ጣትና ወደ ሌባ ጣት ይወርዳል፤ ከ6ኛው በታች ያለው ሲሆን ደግሞ ወደ መሀል ጣት። የእኛ ሾፌር ለወራት ትከሻቸውን ሲያሳሹ የከረሙት ለዚህ ነው። ኤም አር አይ ሲነሱ ግን ጥፋቱ ከ5ኛው በታች ተገኘ።

እዚህ ላይ ማንም ታካሚ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ አብዛኛው ሰው ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም። በአሜሪካ ሚኔሶታ፣ በሮቼስተር ከተማ፣ ከ1976 እስከ 1990 በአንገት ነርቭ መጨፍለቅ የታመሙ 561 ሰዎች ታሪክ ተጠንቶ ነበር። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 26 ከመቶው ብቻ ናቸው። በመጨረሻው ክትትል ከአሥሩ ዘጠኙ ያህሉ ምንም ሕመም አልነበራቸውም፤ ካለባቸውም ቀላል ነበር። ስለዚህ ሐኪም መጀመሪያ የሚያዘው የሕመም ማስታገሻ፣ የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴና የጥቂት ሳምንታት ትዕግሥት ነው። ወደ ቢላዋ የሚኬደው ሕመሙ ከሳምንታት ሕክምና በኋላም አልለቅ ሲል ወይም እጅ ጉልበት እያጣ ሲሄድ ነው።

ከዚህ የሚለየው ዲስኩ ሕብለ ሰረሰሩን ራሱን ሲጫን ነው። ሰውየው ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል፣ እቃ ከእጁ ይወድቃል፣ ሲራመድ እግሩ ይተሳሰርበታል፣ አንዳንዴም ሽንቱን መቆጣጠር ይሳነዋል። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ሰው አንገቱን ለወጌሻም ሆነ ለማሳጅ ባለሙያ ሰጥቶ ማስጠምዘዝ የለበትም። በአፋጣኝ የነርቭ ወይም የአከርካሪ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ከፊት በኩል የሚገባው ቢላዋ

የዛሬው ዘዴ ከተወለደ 70 ዓመት ገደማ ነው። ሮበርት ሮቢንሰንና ጆርጅ ስሚዝ የተባሉ ሐኪሞች ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ዲስኩን ከአንገት ፊት በኩል አውጥተው አጥንቶቹን ማጋጠም የጀመሩት በ1950ዎቹ ነው። የመጀመሪያ ጽሑፋቸው በ1955 ወጣ። በሃዋይ፣ ሆኖሉሉ ይሠራ የነበረው ራልፍ ክላውዋርድም የራሱን ዘዴ በ1958 አሳተመ። ከኋላ ቢገባ መንገዱን የሚዘጋው ሕብለ ሰረሰር ነው፤ ከፊት ግን ሳይነካ ዲስኩ ላይ መድረስ ይቻላል።

ሐኪሙ በአንገት ቆዳ መሸብሸቢያ ላይ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁስል ይከፍታል። ከዚያ ጡንቻ ከመቁረጥ ይልቅ በተፈጥሮ ክፍተት ይገባል፤ በአንድ ወገን ደም ወደ ጭንቅላት የሚወስደውን ትልቁን የደም ሥር፣ በሌላው ወገን የአየርና የምግብ ቧንቧዎችን ገለል አድርጎ አጥንቱ ላይ ይደርሳል። ትክክለኛው ዲስክ መሆኑን በኤክስሬይ አረጋግጦ፣ በማይክሮስኮፕ እያየ ያወጣዋል፤ ነርቩንም ነፃ ያደርጋል። ባዶውን ቦታ በአጥንት ቁራጭ ወይም በሰው ሠራሽ ድጋፍ ይሞላና ብዙ ጊዜ በብረት ሳህንና በብሎን ያስረዋል። አንድ ዲስክ ብቻ ከሆነ ሥራው በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

ድሮ ለመተኪያ የሚሆነው አጥንት የሚወሰደው ከታካሚው ከራሱ ዳሌ ነበር። ያኔ ታካሚው ከአንገቱ ይልቅ ዳሌውን እያመመው ቀናት ይተኛል። የተዘጋጀ አጥንትና ድጋፍ ሲመጣ፣ የብረት ሳህኑ አንገቱን ሲያጸናው፣ ማደንዘዣውም ቶሎ የሚለቅ ሲሆን፣ ታካሚው ከሰዓት በኋላ ተነስቶ የሚራመድ ሆነ። በ2015 የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ይህ ቀዶ ሕክምና በቀን ማዕከላት ሲሠራም እንዲከፈልበት ፈቀደ። የግል ኢንሹራንሶችም ወጪው ስለሚቀንስላቸው ወደዚያው ያዘነብላሉ።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ይህ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 1015 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ለመዋጥ የተቸገሩት 9.5 ከመቶ ናቸው፤ ከሁሉ የበዛው ችግር ይኸው ነው። የድምፅ ነርቭ ተጎድቶ ድምፃቸው የተለወጠ 3.1 ከመቶ ነበሩ። ቁስሉ ውስጥ ደም የተጠራቀመባቸው 5.6 ከመቶ ሲሆኑ፣ ተመልሶ መከፈት ያስፈለገው ለ2.4 ከመቶው ነው። ሕይወቱ ያለፈው አንድ ሰው፣ በምግብ ቧንቧ መበሳት ምክንያት ነበር።

ታዲያ እነዚህ ችግሮች ቤቱ የሚያድረው ላይ ይብሳሉ? በ2015 የወጣ ጥናት ከአሜሪካ ብሔራዊ የቀዶ ሕክምና ጥራት መዝገብ 7288 ታካሚዎችን ወስዶ አወዳደረ። ከባድ ችግር የገጠማቸው ተኝተው ከታከሙት 4.5 ከመቶ፣ በተመላላሽ ከታከሙት ደግሞ 0.94 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት በቴነሲ ግዛት፣ ናሽቪል ያሉ ሐኪሞች በቀን ማዕከል ያከናወኗቸውን 1000 ተከታታይ ቀዶ ሕክምናዎች ውጤት አወጡ። ሁሉም ታካሚዎች ቢያንስ 4 ሰዓት እዚያው ተጠብቀዋል። ከማዕከሉ ወደ ሆስፒታል መዛወር ያስፈለጋቸው 8 ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱ ለሕመም ማስታገሻ፣ ሁለቱ ለደረት ሕመም፣ አንዱ የሕብለ ሰረሰሩ ፈሳሽ ስላፈሰሰ፣ አንዱ ደም ስለተጠራቀመበት፣ አንዱ ደግሞ ከባድ ድካም ታይቶበት እንደገና ስለተከፈተ። የሞተ የለም። በ90 ቀን ውስጥ የታየው ችግርም ሆስፒታል ተኝተው ከታከሙት ጋር ተቀራራቢ ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች ያየ ሰው «እንግዲያው ቤት ማደር ከሆስፒታል ይሻላል» ቢል ይሳሳታል። ተመላላሽ ሆነው የሚታከሙት በዕድሜ ለጋ፣ በጤና የተሻሉ፣ አንድ ወይም ሁለት ዲስክ ብቻ የሚወጣላቸው ናቸው። የልብ ሕመምተኛውና ሦስት አራት ዲስክ የሚወጣለት አስቀድሞ ወደ ሆስፒታል ተልኳል። ተመራማሪዎች በስሌት ልዩነቱን ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ ነገር ግን ሐኪሙ ታካሚውን ፊት ለፊት አይቶ የወሰነውን ሁሉ ስሌት አይደርስበትም። በዚያ ላይ በአሜሪካ መዝገብ «ተመላላሽ» ተብሎ የሚጻፈው አንዳንዱ ታካሚ በእርግጥ ሆስፒታል አንድ ሌሊት አድሮ የወጣ ነው። ቁጥሮቹ የሚመሰክሩት ምርጫው በጥንቃቄ ሲደረግ ቤት ማደር ተጨማሪ አደጋ እንደማያመጣ ነው። ምርጫው ሲላላ ምን እንደሚሆን ግን አይነግሩንም።

የናሽቪሎቹ 8 ሰዎችም ሌላ ትምህርት አላቸው። ችግር ሲገጥማቸው የሚዛወሩበት ሆስፒታል ነበራቸው።

ደሙ በሰዓታት፣ እብጠቱ በቀናት

ሐኪሞችን የሚያስፈራቸው አየር ቧንቧ ነው። እሱን የሚዘጉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሚመጡበት ሰዓትም ይለያያል።

የመጀመሪያው ደም ነው። የተሰፋው ቁስል ውስጥ አንዲት ትንሽ የደም ሥር ብትፈስ፣ ደሙ መውጫ ስለሌለው ይጠራቀምና የአየር ቧንቧውን ይገፋል። በዙሪያው ያለውንም ያሳብጣል። ይህ በአብዛኛው የሚከሰተው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ነው። በቀን ማዕከል የሚጠበቀው የ4 ወይም የ6 ሰዓት ቆይታ፣ የነርሷም ደጋግማ መዳሰስ፣ ለዚህ ነው። ታካሚው ሲቁነጠነጥ፣ «ጉሮሮዬን አነቀኝ» ሲል፣ ምራቁን መዋጥ ሲያቅተው፣ ቁጭ ካላለ መተንፈስ ሲከብደው፣ ደቂቃዎች ዋጋ አላቸው። ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ ለማስገባት መጣር ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ቁስሉ እዚያው አልጋው ላይ ተከፍቶ ደሙ መውጣት ሊኖርበት ይችላል። ከአንገት እንቅርት ቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣው ተመሳሳይ አደጋ የብሪታንያ ሐኪሞች በ2022 ባወጡት መመሪያ፣ ስፌት መቁረጫውና መክፈቻው ያለበት ሳጥን ታካሚው ከወጣበት ጀምሮ ከአልጋው አጠገብ እንዲቀመጥ አዘዋል። ነርሶችና ተረኛ ሐኪሞችም የቀዶ ሐኪሙን መምጣት ሳይጠብቁ ቁስሉን እንዲከፍቱ ይሠለጥናሉ። በአከርካሪ ሕክምና ደሙ ከዚያም ጠልቆ አጥንቱ ፊት ላይ ስለሚጠራቀም ዝግጅቱ ያነሰ ሊሆን አይገባም። በሜሪላንዱ ማዕከል ይህ ሳጥን በእያንዳንዱ አልጋ ራስጌ ተሰቅሎ ይታያል፤ መቀስ፣ መቆንጠጫ፣ ጓንትና ጎዝ፣ ሁሉም በአንድ እጅ ተጎትቶ በሚከፈት ግልጽ ከረጢት ውስጥ።

ሁለተኛው እብጠት ነው። ጉሮሮ ለሰዓታት ሲገፋና ሲጎተት ውሎ ቀስ ብሎ ያብጣል። በ2002 የታተመ የ311 ሰዎች ጥናት የአተነፋፈስ ችግር የገጠማቸውን 6.1 ከመቶ አግኝቷል፤ ቱቦ እንደገና የገባላቸው 1.9 ከመቶ ናቸው። ችግሩ በአማካይ የታየው ከቀዶ ሕክምናው 36 ሰዓት በኋላ ነው። አብዛኛውም የመጣው ከደም ሳይሆን ከእብጠት ነበር። አደጋው የበረታው ከሦስት በላይ አጥንቶች በተከፈቱባቸው፣ ከ300 ሚሊ ሊትር በላይ ደም በፈሰሳቸው፣ ከ5 ሰዓት በላይ በፈጀ ሥራና ወደ አንገት ላይኛው ክፍል በተወጣበት ጊዜ ነው። እንዲህ ያለው ታካሚ በዚያው ቀን መሸኘት የለበትም፤ አንድ ሌሊት ብቻም አይበቃውም። አጥንት ቶሎ እንዲገጥም የሚጨመር አንድ ፕሮቲን በአንገት ላይ ሲውል ለሕይወት የሚያሰጋ እብጠት እንደሚያመጣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2008 ያስጠነቀቀውም ለዚሁ ነው። በዚያ ጊዜ የታየው እብጠት አብዛኛው በ2ኛውና በ14ኛው ቀን መካከል ነበር።

እንግዲህ ሆስፒታል አንድ ሌሊት አድሮ የወጣውም ሰው እብጠቱ የሚበረታበትን ሰዓት የሚያሳልፈው ቤቱ ነው። የአስታማሚው እውቀት ለሁለቱም እኩል የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ቀጥሎ ያለው ሐኪም አስታማሚ ነው

ነርሷ ለባለቤቲቱ ጥያቄ መልስ የሰጠችው ወንበር ስባ ቁጭ ብላ ነው። «እትዬ፣ ይቻላል። ግን ዛሬ ማታ ሐኪሙ እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ አንድ በአንድ እንነጋገር።» በሁለት በሦስት ትራስ ራሳቸው ከፍ ብሎ ይተኛሉ። ሌሊቱን እየቀሰቀሱ ያናግሯቸዋል፤ ድምፃቸውን ይሰማሉ፣ ውኃ ያስውጣሉ፣ አንገታቸውን ይዳስሳሉ። አጥሚት፣ ሾርባና እርጎ ጥሩ ነው፤ ጥብሱ ይቆይ። ጠያቂ ቤቱን ሞልቶ እንዳያስለፈልፋቸው። ማስታገሻው በታዘዘው ልክ ብቻ፤ ከእንቅልፍ ኪኒንና ከመጠጥ ጋር በፍጹም። አንገት ካበጠና ከጠነከረ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ትንፋሽ ድምፅ ካወጣ፣ ወይም እጅና እግር ድንገት ከደከመ፣ ወደ 911 ይደወላል እንጂ በራስ መኪና አይኬድም። ስልክ ያነሳውንም «ዛሬ የአንገት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል» ይሉታል።

ነርሷ ባለቤቲቱ ሁሉንም ደግመው እንዲነግሯት አደረገች። አንዱን ዘለሉት፤ እንደገና ነገረቻቸው። ሰውየው ስድስት ሰዓት ከተጠበቁና ሽንታቸውን ከሸኑ፣ በኮሪደሩም ከተራመዱ በኋላ ነው የመውጫ ወረቀታቸው የተፈረመው። አሥራ አምስት ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ሆስፒታል አለ፤ ኃይለኛ ማንኮራፋትም ሆነ የልብ ሕመም የለባቸውም፤ ደም ማቅጠኛ አይወስዱም፤ የወጣላቸው አንድ ዲስክ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጓደል ኖሮ ሆስፒታል ማደራቸው ተገቢ ነበር። እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሰው፣ ለምሳሌ፣ ጠንካራ ማስታገሻ ወስዶ ባበጠ ጉሮሮ ቤቱ ብቻውን መተኛት የለበትም። በውጭ አገር ብቻቸውን በአንድ ክፍል የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። አስታማሚ የሌለው ሰው ይህን ለሐኪሙ በግልጽ መናገር አለበት፤ ሆስፒታል ለማደር በቂ ምክንያት ነውና።

ወደ አገር ቤት ሲመጣ

በኢትዮጵያ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ባደረገው ትብብር ነው። ከዚያ በፊት ለሥልጠና ወደ ውጭ መሄድ ግድ ነበር። ዛሬ ሐኪሞቹ ቢበዙም አብዛኞቹ የሚሠሩት አዲስ አበባ ነው፤ ስለዚህ ታካሚው ከክፍለ ሀገር መጥቶ ዘመድ ቤት ወይም ፔንሲዮን ያርፋል። በአሜሪካ ጥናት ላይ ተመሥርቶ «እዚያ በዚያው ቀን ይሸኛሉ፣ እኛስ ለምን አንሸኝም?» ማለት የሚያስኬድ አይደለም። ጥናቶቹ ውጤታቸውን ያገኙት በደቂቃ የሚደርስ አምቡላንስ፣ ሌሊትም የሚከፈት የቀዶ ሕክምና ክፍል ባለበት ነው። ይህ በሌለበት አንድ ሁለት ሌሊት ሆስፒታል ማደር ብክነት ተብሎ ሊቆጠር አይገባም። ቢያንስ ደግሞ ነርሶቹ ቁስል የመክፈቻው ሳጥን የት እንዳለና መቼ እንደሚከፈት የሠለጠኑ፣ አስታማሚውም ምልክቶቹን በቃሉ የሚያውቅ መሆን አለበት። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

በአሜሪካም ቢሆን ጥንቃቄው እንዳይላላ የሚያሰጋ ነገር አለ። ብዙ የቀን ማዕከላት ውስጥ ሐኪሞች ራሳቸው ባለ ድርሻ ናቸው፤ ኢንሹራንሱም ርካሹን ይመርጣል። ይህ ሐኪሙን ክፉ አያደርገውም፤ ግን ታካሚው የመጠየቅ መብቱን እንዲጠቀም ግድ ይላል። ለእኔ ስንት ዲስክ ነው የሚወጣው? ይህን በቀን ማዕከል ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ስንት ሰዓት ትጠብቁኛላችሁ? ደም ቢጠራቀም ቁስሉን እዚያው የሚከፍት ማን ነው? ሌሊት ስደውል የሚያነሳው ሐኪም ነው ወይስ የመልእክት ማሽን? የምዛወርበት ሆስፒታል የትኛው ነው፣ ስንት ደቂቃስ ይርቃል? ልደር ብል ይፈቀድልኛል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች ቁርጥ ያለ መልስ ያለው ሐኪም ጥያቄውን አይቀየምም። መልሱ የሚድበሰበስ ከሆነ፣ እጁ እየደከመ ወይም ሕብለ ሰረሰሩ እየተጫነ ካልሆነ በቀር፣ ታካሚው ቀጠሮውን አራዝሞ ሌላ ሐኪም ቢያማክር ይበጀዋል። አብዛኛው የአንገት ዲስክ ሕመም ለጥቂት ተጨማሪ ሳምንታት መታገሥን ይፈቅዳል፤ አንዳንዱም በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ያለ ቢላዋ ይሻለዋል።